ሰሜን ኮሪያ ኮታውን ማንሳት ምን ያቅታታል? ለቢቸናው መምህር የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው፦ «የምጽፈው ከቢቸና ነው። የሁለተኛ ደረጃ የታሪክ መምህር ነኝ። ስለ ቀዝቃዛው ጦርነት ሳስተምር አንድ ተማሪ እጁን አወጣ። ‹ደርግ በ1982 ኮታውን ሲያነሳ የኛ አገር ገበያ ወዲያው ተነቃቃ ይላሉ አባቶቻችን። ቻይናም ገበሬውን ስትለቀው ነው ያደገችው። ሰሜን ኮሪያ ሕዝቧ እየተራበ ይህን አንድ አዋጅ ማውጣት ምን ያቅታታል?› አለኝ። መሪዎቹ እብዶች ናቸው ብዬ ማለፍ አልፈለግሁም። ማዕቀቡ ነው እንዳልል ቬትናምም ማዕቀብ ነበረባት። እውነተኛው ምክንያት ምንድን ነው? ለውጥ ቢመጣስ በምን እናውቀዋለን?»

ምላሽ፦

መምህር፣ ጤና ይስጥልኝ። ተማሪዎን አመስግኑልኝ። እኔ የእርሻ ኢኮኖሚ ባለሙያ ነኝ። አብዛኛው ሥራዬ በእህል ገበያ ላይ ነው፤ ከሁሉም በላይ በጎጃም ጤፍና በቆሎ ላይ። ስለዚህ ጥያቄው ሩቅ አገር ቢሄድም የተነሳበት ቦታ የማውቀው ነው። አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። የኛን ዓመቶች «ዓ.ም.» እያልኩ እጽፋለሁ፤ የኮሪያን፣ የቻይናንና የቬትናምን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ።

አጭሩ መልስ ይህ ነው። አዋጁማ ወጥቷል። አንዴ ብቻም አይደለም። የጠፋው አዋጁን አምኖ ገንዘቡንና ጉልበቱን የሚያፈስ ሰው ነው። ሰው የማያምነው ደግሞ መንግሥቱ ዛሬ የሰጠውን ነገ መልሶ ስለሚወስድ ነው። ይህን በዝርዝር ለማየት ከኛው ከጎጃም ብንጀምር ይሻላል። ተማሪዎ ያነሳው ታሪክ እውነት ነው፤ ግን ግማሹ ነው።

ኮታ ምን እንደነበር ልጆቹ በደንብ ያውቁ እንደሆነ አላውቅም። የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት በ1968 ዓ.ም. ተቋቋመ። ከዚያ በኋላ ገበሬው ለመንግሥት የሚያስረክበው እህል ከላይ እየተተመነ ይወርድ ጀመር። ለክፍለ ሀገሩ ይመጣል። ክፍለ ሀገሩ ለአውራጃ፣ አውራጃው ለወረዳ፣ ወረዳው ለገበሬ ማኅበር ይደለድላል። የገበሬ ማኅበሩ መሪዎች ለየአባወራው ያካፍላሉ። ዋጋው የተቆረጠ ነው፤ ከገበያው በብዙ ያንሳል። ጎጃምና አርሲ ትርፍ አምራች በመሆናቸው ቁጥጥሩ ከሌላው ይልቅ ጠበቀባቸው። የግል ነጋዴ እህል ጭኖ ከክፍለ ሀገሩ እንዳይወጣ ታገደ። መንገዱ ሁሉ ኬላ ሆነ።

ይህ በአንድ ገበሬ ቤት ምን ማለት እንደሆነ እንይ። እነማይ ወይም እናርጅ እናውጋ አካባቢ ያለ ሰው ነው እንበል። ጥር ላይ ጤፉ ተወቅቷል። ዓመቱ ከፍቶ ምርቱ ካምናው አንሷል። ኮታው ግን አይቀንስም። የራሱን ጤፍ ቢሰጥ ልጆቹ እስከ ክረምት አይደርሱም። ስለዚህ በጉን ገበያ አውጥቶ ይሸጣል። በበጉ ዋጋ ከዚያው ገበያ ጤፍ ይገዛል። የገዛውን በአህያ ጭኖ ወደ መጋዘኑ ይወስድና በገዛበት ግማሽ ገደማ በሆነ ዋጋ ያስረክባል። ይህ ተረት አይደለም። በዘመኑ የተደረጉ ጥናቶች በሰፊው የመዘገቡት ነው። ካላስረከበ ቅጣት አለ፤ ከአገልግሎት ኅብረት ሥራ ማኅበሩ ሱቅ ጨውና ሳሙና ይከለከላል፤ ሲብስም ይታሰራል። እንዲህ ያለ ሰው በሚቀጥለው ዓመት ተጨማሪ ማሳ ለማረስ ምን ያነሳሳዋል?

የካቲት 1982 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በገዢው ፓርቲ በኢሠፓ ማዕከላዊ ኮሚቴ ስብሰባ ላይ ቅይጥ ኢኮኖሚ አወጁ። ኮታው ቀረ። ነጋዴው እህል እንደ ልቡ እንዲጭን ተፈቀደ። የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር አባል ከፈለገ መውጣት ይችላል ተባለ። ያን ጊዜ የሆነውን አባቶች በደንብ ያስታውሱታል። መልባውም ወልባውም፣ የአምራቾቹ ማኅበራት ደረጃዎች ማለት ነው፣ በወራት ውስጥ ፈረሰ። አባላቱ በሬውንና ዕቃውን ተካፍለው ወደየማሳቸው ተመለሱ። በትርፍ አምራች አካባቢዎች የገበሬው መሸጫ ዋጋ ከፍ አለ። በአምራቹ አካባቢና በአዲስ አበባ ገበያ መካከል የነበረው የዋጋ ልዩነትም ጠበበ። እስከዚህ ድረስ ተማሪዎ ትክክል ነው።

ለምን እንዲህ ፈጠነ? እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የሰሜን ኮሪያ መልስ ግማሹ እዚህ አለና።

ኮታው ሲነሳ በሬው፣ ሞፈሩና ቀንበሩ እዚያው ነበሩ። ደርግ ብዙ ቢደክምም አብዛኛው የጎጃም ገበሬ በግሉ ማረሱን አላቆመም። በኅብረት የሚታረሰው መሬት ከጠቅላላው ትንሽ ድርሻ ነበር። ዘሩን መምረጥ፣ ማሳውን ማለስለስ፣ መቼ እንደሚዘራ ማወቅ፣ ይህ ሁሉ እውቀት ከገበሬው እጅ አልወጣም። ነጋዴውም አልጠፋም ነበር። ኬላ ሲያመልጥ፣ በሌሊት ሲጭን፣ ከሩቅ ወዳጅ ጋር በቃል ሲገበያይ የኖረ ሰው ነው። አዋጁ ፈቃድ ሰጠው እንጂ ንግድ አላስተማረውም። በሬውን ያልተቀማ አገር ነበርን ማለት ይቻላል።

አሁን ግማሹን የቀረውን ታሪክ ልጨምር። ቅይጥ ኢኮኖሚው የመጣው መንግሥት አስቦና አቅዶ ስለፈለገው አይደለም። በ1981 ዓ.ም. ሠራዊቱ ከትግራይ ወጥቷል። በግንቦት ላይ የጄኔራሎቹ መፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ተደርጓል። የቡና ዋጋ በዓለም ገበያ ወድቋል። የሶቭየቱ መሪ ጎርባቾቭ እጁን እየሰበሰበ ነው። ምጽዋ የተያዘችውም በዚያው በየካቲት 1982 ዓ.ም. ነው። አዋጁ ሲወጣ መንግሥቱ ሌላ የሚመዘው ካርድ አልነበረውም። ከዚያ አንድ ዓመት ሳይቆይ፣ በየካቲት 1983 ዓ.ም. ጎጃም ከደርግ እጅ ወጣ። ባሕር ዳርም በዚያው ወር ተያዘች። ሦስት ወር ቆይቶ መንግሥቱ አበቃለት።

እንግዲህ ይህን ታሪክ ከአንድ ገበሬ ወንበር ሳይሆን ከአንድ አምባገነን ወንበር ሆነው ይዩት። ተሃድሶ አወጀ፤ በዓመቱ ወደቀ። መንስኤና ውጤት አይደለም፤ ያለ ቅይጥ ኢኮኖሚውም ይወድቅ ነበር። ግን ሥልጣኑን የሚጠብቅ ሰው እንዲህ ለይቶ አያነብም። ፒዮንግያንግም፣ ማለትም የሰሜን ኮሪያ መንግሥት፣ የደርግን መጨረሻ የተመለከተችው በባዕድ ዓይን አልነበረም። ወዳጅ ነበረች። አዲስ አበባ ያለው የትግላችን ሐውልት በሰሜን ኮሪያ እገዛ የቆመ ነው። ቃኘው ሻለቃ ከ30 ዓመት በፊት ለደቡቡ ወግኖ ሲዋጋ ለነበረ አገር ይህ ትልቅ መገለባበጥ ነው፤ ለታሪክ ክፍልዎ ራሱን የቻለ አንድ ትምህርት ይወጣዋል። በእነዚያው ዓመታት የሩማንያው ቻውሼስኩ ከነሚስቱ ተረሸነ፤ ምሥራቅ ጀርመን ደግሞ በምዕራቡ ተዋጠች። የኪም ቤተሰብ ከ1989 እስከ 1991 የሰበሰበው ትምህርት ይህ ነው።

ወደ ኮሪያ እንሂድ።

ተማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚያስቡት ሰሜን ኮሪያ ውስጥ ገበያ የለም ብለው ነው። አለ። እንዲያውም አብዛኛው ሕዝብ በሕይወት ያለው በገበያ ነው። የመንግሥት ራሽን ድሮ በግራም የተመተረ ነበር። ለተራ ሠራተኛ በቀን 700 ግራም እህል፣ ለከባድ ሥራ ከዚያ በላይ፣ ለሕፃናትና ለአረጋውያን ያነሰ። ሶቭየት ኅብረት ስትፈርስ በርካሽ ይመጣ የነበረው ነዳጅ ቆመ። እርሻው በትራክተር፣ በፋብሪካ ማዳበሪያና በኤሌክትሪክ በሚሠራ የውኃ ፓምፕ ላይ የቆመ ነበርና አብሮ ተንኮታኮተ። በ1994 የአገሩ የመጀመሪያ መሪ ኪም ኢል ሱንግ ሞቱ። በ1995 ጎርፉ መጣ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ጥቂት ዓመታት ከ600 ሺህ እስከ 1 ሚሊዮን ሰው እንዳለቀ ብዙ ተመራማሪዎች ይገምታሉ፤ ከዚያ በጣም የሚያንሱም የሚበልጡም ግምቶች አሉ።

ራሽኑ ሲቋረጥ ሴቶች ወጡ። የቤት ዕቃቸውን ይዘው ወጡ፤ ከዚያ ቶፉ፣ ኑድል፣ ጫማ፣ ከቻይና የገባ ልብስ ይዘው ወጡ። «ጃንግማዳንግ» የሚባለው ገበያ እንዲህ ተወለደ። ማንም አላወጀውም። ዛሬ በመንግሥት የታወቁት ገበያዎች ከ400 በላይ ናቸው፤ ከየመደቡም ግብር ይሰበሰባል።

ወንዶቹ ለምን አልወጡም ይሉኝ ይሆናል። ሰውየው በመንግሥት መሥሪያ ቤት የተመዘገበ ነው፤ ካልተገኘ ይቀጣል። ፋብሪካው ግን ጥሬ ዕቃም መብራትም የለውም። በ2010ዎቹ አንድ ኪሎ ሩዝ በገበያ 5,000 ዎን (የአገሩ ገንዘብ ነው) ገደማ ሲሸጥ የተራ ሠራተኛ የወር ደመወዝ አንድ ኪሎ እንኳ አልሞላም። ስለዚህ ሰውየው ለአለቆቹ በየወሩ ገንዘብ ይከፍላል፤ እነሱ በሥራ ላይ እንዳለ አድርገው ይመዘግቡታል፤ እሱ ወጥቶ ይነግዳል። ደመወዝ ከመቀበል ይልቅ ላለመሥራት የሚከፈልበት ሥራ ማለት ነው። ሀብታም የሆኑትም አሉ። «ዶንጁ» ይሏቸዋል፤ የገንዘብ ጌቶች እንደማለት ነው። አውቶቡስ ገዝተው ከከተማ ከተማ ያሰማራሉ። አውቶቡሱ ግን በስማቸው አይመዘገብም። በአንድ የመንግሥት ድርጅት ስም ይሆንና ለድርጅቱ ድርሻ ይከፍላሉ። ድርጅቱ አንድ ቀን «ንብረቴ ነው» ቢል የሚከራከሩበት ፍርድ ቤት የላቸውም።

አሁን ወደ አዋጆቹ። በሐምሌ 2002 የኪም ኢል ሱንግ ልጅና ተተኪ ኪም ጆንግ ኢል ትልቅ የሚባል የዋጋ ለውጥ አደረጉ። የመንግሥት የሩዝ ዋጋ በኪሎ ከ8 ጆን ወደ 44 ዎን ወጣ። ጆን የዎን መቶኛ ነው፤ ዋጋው 550 እጥፍ ሆነ ማለት ነው። ደመወዝም ብዙ እጥፍ ተጨመረ። በዓመቱ፣ በ2003፣ ገበያዎቹ በይፋ ተፈቀዱ። ያኔ ብዙ ታዛቢ «ቻይና በ1978 ያደረገችው ይኸው ነው» ብሎ ነበር። በ2005 መኸር ላይ የግል የእህል ንግድ እንደገና ታገደ፤ ራሽን ተመለሰ ተባለ። በ2007 ከተወሰነ ዕድሜ በታች ያሉ ሴቶች ገበያ እንዳይቆሙ ተሞከረ።

ከሁሉም የከፋው በ2009 መጣ። ይህን በደንብ ቢያስረዱልኝ ደስ ይለኛል፤ ከየትኛውም የኢኮኖሚ ሰንጠረዥ በላይ ያስተምራል። ኅዳር 30 ቀን ድንገት የገንዘብ ለውጥ ታወጀ። 100 አሮጌ ዎን በ1 አዲስ ይቀየራል። ቀነ ገደቡ አንድ ሳምንት ነው። አንድ ቤተሰብ መቀየር የሚችለው መጀመሪያ 100,000 አሮጌ ዎን ብቻ ነው ተባለ። በጥቁር ገበያ ይህ ከ30 እስከ 40 ዶላር ቢሆን ነው። ጩኸት ሲበዛ ጣሪያውን ትንሽ ከፍ አደረጉት። ከዚያ በላይ ያለው ወረቀት ሆኖ ቀረ። ተማሪዎችዎ በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ የኛ ብር ሲቀየር አይተዋል። የኛ የመቀየሪያ ጊዜ 3 ወር ነበር፤ ባንክ ያስገባው ሰው ገንዘቡ ሙሉውን ቆጠረለት። የዚያኛው ዓላማ ሌላ ነበር። ዓላማው ነጋዴዋ ለአሥር ዓመት ያጠራቀመችውን ማጥፋት ነው።

ከዚያም ደመወዝ በአዲሱ ገንዘብ በቀድሞው ቁጥር ይከፈል ተባለ። 3,000 ይከፈለው የነበረው ሰው አሁንም 3,000፣ ግን በአዲሱ። ይህ ደመወዝን በአንድ ሌሊት 100 እጥፍ ማሳደግ ነው። ዕቃው ግን አልጨመረም። እንዲያውም ገበያዎቹ ተዘጉ፤ የውጭ ገንዘብ ታገደ፤ ያለው እህል ተደበቀ። ዋጋ ጣሪያ ነካ። በዚያ አገር ተሰምቶ የማያውቅ ማጉረምረም ተሰማ። በየካቲት 2010 መንግሥት ወደኋላ ተመለሰ፤ ገበያዎቹ ተከፈቱ። የፓርቲው የፋይናንስ ኃላፊም በጥፋተኝነት እንደተረሸነ የደቡብ ኮሪያ መገናኛ ብዙኃን ዘገቡ። ያ ሰው የተባለውን የፈጸመ እንጂ ብቻውን የወሰነ አይመስለኝም።

ከዚያ ሳምንት በኋላ አቅም ያለው ሰው ቁጠባውን በዎን ማስቀመጥ ተወ። ዩዋንና ዶላር ሆነ። መምህር፣ የመልሴ ልብ ይህ ነው። ዋጋ በአዋጅ ይቀየራል። አመኔታ አይቀየርም። ከ2009 በኋላ ፒዮንግያንግ ምንም ያህል ጥሩ አዋጅ ብታወጣ የሚሰማው ሰው መጀመሪያ የሚያስበው «መቼ ነው የሚመልሱት?» ብሎ ነው። እኛም ይህን አናጣውም። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል የተደረገውን የመሬት ሽግሽግ የጎጃም ሽማግሌዎች ይነግሯቸዋል። «ቢሮክራት» የተባለ፣ ማለትም በደርግ ዘመን ሹመት የነበረው ገበሬ አንድ ሄክታር ገደማ ተትቶለት ሌላው ተወሰደበት። ከዚያ በኋላ መንግሥት ራሱ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ማደል የጀመረው ገበሬው ማሳውን የኔ ብሎ እንዲይዘው ማድረግ እንዳለበት ስለገባው ነው።

የዛሬው መሪ፣ ልጃቸው ኪም ጆንግ ኡንስ? አጀማመራቸው ተስፋ ይሰጥ ነበር። በሚያዝያ 2012 ባደረጉት የመጀመሪያ ትልቅ ንግግር ሕዝቡ ዳግመኛ ቀበቶውን አያጠብቅም አሉ። በዚያው ዓመት የእርሻ ቡድኖች አንሰው ወደ ቤተሰብ መጠን እንዲቀርቡ፣ ገበሬውም ከምርቱ ድርሻ እንዲያገኝ የሚያደርግ ለውጥ ተጀመረ። በ2014 የፋብሪካ ሥራ አስኪያጆች ከዕቅዱ በላይ ያመረቱትን በገበያ ዋጋ እንዲሸጡ ተፈቀደ። ገበያዎቹን ለዓመታት ሳይነኳቸው ቆዩ። ኑሮ በመጠኑ ተሻሻለ፤ ይህን መካድ አይገባም። ግን ብዙ ቦታ ለገበሬው ቃል የተገባው ድርሻ ለሠራዊትና ለራሽን እየተባለ እንደተቆረጠ ከዚያ የወጡ ሰዎች ይናገራሉ። በጥር 2020 በኮቪድ ምክንያት ድንበሩ ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ መንግሥት የራሱን የእህል መሸጫ ሱቆች እያስፋፋ እህልን ከገበያው እጅ ለማውጣት ሲታገል ነው የምናየው። በታኅሣሥ 2020 ደግሞ የደቡብ ኮሪያን ፊልምና ዘፈን ማየትና ማሠራጨትን በከባድ ቅጣት የሚከለክል ሕግ ወጣ። ሁለቱን ለይቼ አላያቸውም።

ለምን? ነጋዴ ሲንቀሳቀስ ወሬ አብሮት ይንቀሳቀሳል። ሰሜን ኮሪያ ውስጥ ከአውራጃ አውራጃ ለመሄድ እንኳ የይለፍ ወረቀት ይጠየቃል። እውነተኛ ገበያ ይህን ወረቀት መሻር አለበት። ወረቀቱ ሲሻር ሰው የሚሰማው ነገር አለ። እንደ ደቡብ ኮሪያ ማዕከላዊ ባንክ ግምት የደቡቡ ሰው አማካይ ገቢ ከሰሜኑ ወደ 30 እጥፍ ገደማ ይበልጣል። ቋንቋው አንድ ነው፤ ዘሩ አንድ ነው፤ ዘመዱ ማዶ ነው። ቻይና በሯን ስትከፍት የቻይና ሕዝብ ሊቀላቀለው የሚመኘው ሌላ ትልቅ ቻይና አልነበረም። ታይዋን ትንሽ ደሴት ናት። ቬትናምም ከ1975 ጀምሮ አንድ ሆና ነበር፤ ተቀናቃኝ ግማሽ አልነበራትም። ፒዮንግያንግ ግን ሕዝቡ «እነሱ እንዲያ ከሆኑ እናንተ ለምን አስፈለጋችሁ?» ብሎ እንዲጠይቅ አትፈልግም። ይህ ፍርሃት እብደት አይደለም። ከሥልጣን አንጻር ሲታይ ስሌት ነው። ሕዝብ በረሃብ የሚከፍለው ስሌት መሆኑ ግን ያንገበግበኛል።

ስለ ቻይና ትንሽ ልጨምር፤ ልጆቹ የሚወዱት ታሪክ አለና። በ1978 መጨረሻ በአንኹይ ክፍለ ሀገር፣ ሺያውጋንግ በምትባል ድሃ መንደር 18 ገበሬዎች በድብቅ ተሰብስበው አንድ ወረቀት ላይ ጣታቸውን አተሙ። የማኅበሩን መሬት በየቤተሰቡ ሊካፈሉ ነው። ለመንግሥት የሚገባውን ያስገባሉ፤ የቀረው የየራሳቸው ነው። መሪዎቻችን ቢታሰሩ ወይም ቢገደሉ ልጆቻቸውን እስከ 18 ዓመታቸው እናሳድጋለን ብለው ተማማሉ። በዓመቱ ምርቱ ዘለለ። የክፍለ ሀገሩ ባለሥልጣናት ሊያስሯቸው ሲችሉ ተዉአቸው፤ ከዚያ ደገፏቸው፤ ቆይቶ ማዕከሉም ተቀበለው። የቻይና የእህል ምርት በ1978 ከነበረበት 305 ሚሊዮን ቶን ገደማ በ1984 ወደ 407 ሚሊዮን ደረሰ። ተማሪዎ ልብ እንዲለው የምፈልገው ይህ ነው፤ ከላይ የመጣ አዋጅ አልነበረም። ከታች የተጀመረን ነገር ከላይ ያለው አለመቀማቱ ነው። ቀጥሎም በ1984 ለገበሬው የ15 ዓመት ውል ሰጡት፤ በ1993 ወደ 30 ዓመት አራዘሙለት።

ቬትናምን ያነሱት ትክክል ነው። «ዶይ ሞይ» የተባለውን ለውጥ ስትጀምር፣ በታኅሣሥ 1986፣ የዋጋ ግሽበቱ ከ700 በመቶ በላይ ነበር። የአሜሪካ ማዕቀብ እስከ የካቲት 1994 አልተነሳም። እሷ ግን በ1988 መሬቱን ለቤተሰብ አከፋፈለችና በ1989 ሩዝ ወደ ውጭ መላክ ጀመረች። ስለዚህ ማዕቀብ ለገበሬ መሬት ከመስጠት አይከለክልም። ከመነገድ ግን ይከለክላል፤ በተለይ ከ2016 ወዲህ የተጣለው። የሰሜን ኮሪያ ድንጋይ ከሰል፣ ጨርቃ ጨርቅና የባሕር ምርት ወደ ውጭ እንዳይላክ ታግዷል፤ የምታስገባው የተጣራ ነዳጅም በዓመት 500,000 በርሜል ላይ ተገድቧል። ቻይና የሄደችበት የፋብሪካና የኤክስፖርት መንገድ ለእሷ የተዘጋው በዚህ ነው። ወጣቱ ክፍል ይህን ከጉዳዩ ውጭ አድርጎ እንዳያየው።

አንድ መዋቅራዊ ነገር ደግሞ አለ። ሰሜን ኮሪያ እርሻዋን በኅብረት ያደረገችው በ1958 ነው። የዛሬው ገበሬ አብዛኛው ተወልዶ ያደገው በኅብረት እርሻ ውስጥ ነው። ከሕዝቧ 60 በመቶ ገደማ ከተሜ ነው፤ የሚታረሰውም መሬት ከአገሩ ስፋት አምስተኛ አይሞላም። ነገ «ማሳው ያንተ ነው» ቢባል ማዳበሪያው፣ ነዳጁና ፓምፑ ከየት ይመጣል? የጎጃም ገበሬ በ1982 ዓ.ም. ከጎረቤት ጋር በሬ አቀናጅቶ ማረስ ይችል ነበር። እዚያ ግን ገበሬው ከመንግሥት ፋብሪካ ጋር በአንድ ገመድ ታስሯል። ስለዚህ ለውጥ ቢመጣ እንኳ እንደኛ በአንድ ወቅት የሚያፈራ አይመስለኝም።

ለውጡን በምን እናውቃለን ላሉት፣ እኔ ዜናውን የማነበው እንዲህ ነው። ስለ አዲስ ፋብሪካ፣ ስለ አዲስ የመዝናኛ ስፍራ፣ ስለ ልዩ የኢኮኖሚ ቀጠና ስሰማ ብዙም አልደነግጥም። ልዩ ቀጠና ከ1991 ጀምሮ ታውጇል። የኬሶንግ የኢንዱስትሪ መንደር ከ50,000 በላይ የሰሜን ሠራተኞች ይዞ በየካቲት 2016 ተዘግቷል። በ2024 መጀመሪያም ኪም በየዓመቱ 20 አውራጃዎች ላይ ፋብሪካ እየሠሩ ለ10 ዓመት የሚዘልቅ ዕቅድ አውጀዋል። ሕንፃዎቹ እየተሠሩ ነው፤ ለአንዳንድ ወረዳ ሳሙናና ዘይት ያመጡ ይሆናል። ግን አሁንም ቦታውን የሚመርጠው፣ ሲሚንቶውን የሚያድለውና ምርቱን የሚተምነው ማዕከሉ ነው።

እኔ የምፈልገው ሌላ ዓይነት ዜና ነው። ለገበሬ ቤተሰብ በስሙ የተጻፈ፣ ዓመቱ የተቆረጠ የመሬት ውል ተሰጠ የሚል። ነጋዴ ያለ ይለፍ ወረቀት እህል ጭኖ ከአንድ አውራጃ ወደ ሌላው ተሻገረ የሚል። አውቶቡስ የገዛ ሰው ሊብሬው በገዛ ስሙ ወጣለት፣ ሲቀሙትም ከስሶ ረታ የሚል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ምርቱ ከፍቶ ሠራዊቱ እህል ባነሰው ዓመት ለገበሬው የተገባው ድርሻ ሳይነካ ቀረ የሚል። የመጨረሻው ከሁሉም ይከብዳል። በጥሩ ዓመት ቃል መጠበቅ ለማንም መንግሥት አይከብድም። እስካሁን ከአራቱ አንዱንም አላየሁም።

ለክፍሉ የቤት ሥራ ከፈለጉ ልጆቹ አያቶቻቸውን ሁለት ነገር ይጠይቁ። በ1981 ዓ.ም. ስንት ኩንታል ኮታ ነበረባችሁ? በ1982 ተነሳ ሲባል አመናችሁ ወይስ አንድ ዓመት ጠበቃችሁ? የሁለተኛው መልስ ከቤት ቤት የሚለያይ ይመስለኛል። ሰብስበው ቢልኩልኝ በደስታ አነበዋለሁ።